ትርጉሙ የተቋረጠበት ዘመን፦ እንግሊዝኛ፣ ኡርዱና የሕንድ ዑለማዎች

ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋና ስለ ሃይማኖት ትምህርት ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ታሪክ ሲጠቀስ እንሰማለን። «የሕንድ ዑለማዎች እንግሊዝኛን ሐራም ነው ብለው ፈትዋ ሰጡ፤ ሌላው ተማረ፣ ሙስሊሙ ኋላ ቀረ» ይባላል። ታሪኩ አጭር ነው፤ ለመያዝም ይቀላል። አንዱ ወገን እንግሊዝኛ ወደ መድረሳ ካልገባ የሚከተለውን ጥፋት ለማሳየት ይጠቅሰዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ዑለማዎቹ ለቅኝ ገዢ አልንበረከክም ማለታቸው ያኮራዋል። ፈትዋውን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኪታብ እንደ ሰጠው ሲጠየቁ ግን ሁለቱም ወገኖች ዝም ይላሉ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ የሚቀር አይደለም። የአገራችን ሙስሊም ልጅ ማለዳ በመድረሳ የዐረብኛ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእናቱ ቋንቋ ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዘረጋው መንገድ ይኸው ነበር። ስለዚህ አንድ ኢማም ወይም አንድ መምህር «የሕንድ ታሪክ እንዲህ ያስተምረናል» ሲል፣ በውስጡ እየፈረደ ያለው ፊቱ በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው። ታሪኩ ተዛብቶ ከተነገረ ፍርዱም ይዛባል። በዚህ ጽሑፍ የተደረገውን በተደረገበት ቅደም ተከተል ለማቅረብ እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ፈትዋው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር ማዘዛቸውን፣ እርሱም በጥቂት ቀናት ተምሮ ደብዳቤ ያነብላቸውና ይጽፍላቸው እንደ ነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። የሕንድ ዑለማዎች ይህን ሐዲሥ አልዘነጉትም። የዴልሂው ሻህ ዐብዱል ዐዚዝ (1746–1824) በእንግሊዞች እጅ የገባውን ግዛት «ዳሩል ሐርብ» ብለው የፈረዱ ታላቅ ሊቅ ናቸው፤ ከእርሳቸው የበለጠ እንግሊዝኛን ለመከልከል ምክንያት የነበረው ሰው ማግኘት አዳጋች ነው። እኒሁ ሊቅ ስለ ቋንቋው በተጠየቁ ጊዜ መማሩ የተፈቀደ መሆኑን መልሰዋል። ከሁለት ትውልድ በኋላም ከዴኦባንድ ታላላቅ ፈቂሆች አንዱ የሆኑት ረሺድ አሕመድ ጋንጎሂ (በ1905 የሞቱት) ቋንቋው በራሱ ነውር እንደሌለበት፣ የሚከለከለው ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ኃጢአትና የሃይማኖት ጉዳት መሆኑን ጽፈዋል።

ይህን ስንል ተቃውሞ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የእንግሊዝኛ ተማሪን የሚያወግዙ ሰባኪዎች ነበሩ፤ እንግሊዝኛን ለሙስሊሙ ለማስተማር የተነሡት ሰይድ አሕመድ ኻንም በክህደት ተወንጅለዋል። ይሁንና ውንጀላው በይበልጥ ያነጣጠረው በተፍሲራቸውና ስለ ተአምራት በጻፉት ላይ ነበር። በቋንቋው ላይና በቋንቋው በሚቀርበው ትምህርት ላይ የሚሰጠው ብያኔ ተለያይቶ መታየት ይገባዋል፤ ዑለማዎቹ ለይተውታልና።

እንግዲያው ሙስሊሙን ያናወጠው ምን ነበር? መልሱ ፋርስኛ ውስጥ ይገኛል። በሙጋል ነገሥታት ዘመን ዐረብኛ የዲን ቋንቋ፣ ፋርስኛ የመንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ነበር። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቤንጋልን ከያዘ በኋላም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሥርዐት ገዝቷል። ቃዲዎችንና ጸሐፊዎችን ለማሠልጠንም በ1780 ገደማ ዋረን ሄስቲንግስ የካልካታን መድረሳ ከፈተ። ፋርስኛ የሙስሊሙ ብቻ ንብረት አልነበረም፤ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደሩ የሒንዱ ቤተ ሰቦችም ከአባት ወደ ልጅ ያወርሱት ነበር።

ይህ ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1835 ቶማስ ማኮሌይ ስለ ትምህርት ያቀረበው ማስታወሻ የታወቀ ነው። ዐረብኛም ሳንስክሪትም እንደማያውቅ በዚያው ጽሑፍ አምኗል፤ ሆኖም አንድ የአውሮፓ መጻሕፍት መደርደሪያ የሕንድንና የዐረብን ሥነ ጽሑፍ በጠቅላላ እንደሚያካክስ ለመፍረድ አላመነታም። በወሩ አገረ ገዢው ቤንቲንክ ለትምህርት የተመደበው ገንዘብ በእንግሊዝኛ ለሚሰጥ ትምህርት እንዲውል ወሰነ። የምሥራቅ ቋንቋዎች መጻሕፍትን ማሳተም ተቋረጠ፤ ለአዳዲስ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው ድጎማም ቀረ። በ1837 ፋርስኛ ከፍርድ ቤት ወጣ። በታችኛው ችሎት የየአካባቢው ቋንቋ፣ በላይኛው ደግሞ እንግሊዝኛ ተተካ። በ1844 አገረ ገዢው ሃርዲንጅ ለመንግሥት ሥራ በእንግሊዝኛ የተማሩ ይቅደሙ ብሎ አዘዘ።

መድረሳው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ የካልካታ ሙስሊሞች ከስምንት ሺሕ በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታ አቀረቡ። በአቤቱታው የተገለጸውን ስጋት ልብ ማለት ይገባል። ስጋታቸው እንግሊዝኛ መጣብን የሚል አልነበረም፤ የነበረን ትምህርት አጥፍቶ ሕዝቡን ከሃይማኖቱ ማስወጣት የታሰበ መስሏቸዋል። የሚያስተዳድሩት ንብረት፣ የሚያነቡት ኪታብ፣ የሚሾሙበት ሥራ በአንድ ውሳኔ ሲናጋ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችሉ ነበር? መድረሳው በስተመጨረሻ ከመዘጋት ተረፈ። የሥራው በር ግን ተዘግቶ ነበር፤ የፋርስኛ ጸሐፊ ልጅ የአባቱን እንጀራ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

በዚያው ዘመን በዴልሂ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር፤ በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1825 በጥንቱ የጋዚዩዲን መድረሳ ግቢ የተከፈተው የዴልሂ ኮሌጅ ሁለት ክፍል ነበረው። በአንዱ እንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በሌላው፣ የምሥራቅ ክፍል በሚባለው፣ ዐረብኛና ፋርስኛ ይሰጣል። በዚህ በሁለተኛው ክፍል ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ፣ የሥነ ፈለክ ትምህርትና የተፈጥሮ ፍልስፍና በኡርዱ ይማሩ ነበር። መጽሐፍ ስላልነበረ መምህራኑና ተማሪዎቹ ራሳቸው ይተረጉሙታል። በ1840ዎቹ የተቋቋመው የትርጉም ማኅበር ከመቶ የሚበልጡ መጻሕፍትን ወደ ኡርዱ መልሷል። የዐረብኛ የበላይ መምህር የነበሩት መምሉክ ዐሊ ናኖታዊ ናቸው። ሙሐመድ ቃሲም ናኖታዊና ረሺድ አሕመድ ጋንጎሂ ከእርሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በሌላ አነጋገር፣ በኋላ ዴኦባንድን የመሠረቱት ሰዎች ያደጉት የአዲሱ ዕውቀትና የአሮጌው ኪታብ ሽታ በአንድ ግቢ በሚሸትበት ዘመን ነው።

በ1857 ጦርነት ይህ ቤት ፈረሰ። የኮሌጁ የበላይ ኃላፊ ተገደለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘረፈ። በ1864 ተመልሶ ቢከፈትም ያ የትርጉም ሥራ እንደ ቀድሞው አላገገመም፤ በ1877 ፈጽሞ ተዘጋ። ከፍርስራሹ ሁለት መንገዶች ወጡ፤ አንዱ ወደ ዴኦባንድ፣ ሌላው ወደ ዐሊጋር።

ዴኦባንድ በግንቦት 1866 በአንዲት ትንሽ መስጂድ ቅጥር በአንድ መምህርና በአንድ ተማሪ ተጀመረ። የማስተማሪያ ቋንቋው ኡርዱ፣ ኪታቡ ዐረብኛ ነበር። እንግሊዝኛ አልገባበትም። ለዚህ ቃሲም ናኖታዊ የሰጡት ምክንያት ግን የሐራም ብያኔ አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለው፤ የዲን ትምህርት ግን ጠባቂ አጥቷል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በተማሪ ላይ ቢጫን ሁሉም ይጎድልበታል፤ የዲኑን ጨርሶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መሄድ ለሚሻ ተማሪ መንገዱ ክፍት ነው አሉ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት መናዚር አሕሰን ጊላኒ ደግሞ ናኖታዊ ከሐጅ ሲመለሱ ከመርከቡ አዛዥ ጋር በአስተርጓሚ ተነጋግረው በመቸገራቸው እንግሊዝኛ ለመማር መመኘታቸውን ይተርካሉ። ዕድሜ አልሰጣቸውም፤ በ1880 አረፉ።

የዐሊጋር መንገድ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። ሰይድ አሕመድ ኻን (1817–1898) ሲጀምሩ የእንግሊዝኛ ጠበቃ አልነበሩም። በ1864 በጋዚፑር የሳይንስ ማኅበር አቋቁመው የአውሮፓን መጻሕፍት ወደ ኡርዱ ማስተርጎም ያዙ፤ ወደ ዐሊጋር ሲዛወሩ ማኅበሩም ተከተላቸው። በ1867 ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በአገሬው ቋንቋ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እንዲከፈት ለመንግሥት አመለከቱ። ጥያቄያቸው እንደ ጠየቁት አልተፈጸመም። በ1869 ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዙ፤ ሲመለሱም በ1875 የመሠረቱት ትምህርት ቤት፣ በኋላም ኮሌጁ፣ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ። በ1882 ለትምህርት መርማሪ ኮሚሽን ቃላቸውን ሲሰጡ የቀድሞ ሐሳባቸውን መለወጣቸውን በግልጽ ተናገሩ፤ ከፍ ያለ ዕውቀት በአገሬው ቋንቋ ሊሰጥ ይችላል የሚለውን እምነት ልምድ እንዳስተዋቸው አስረዱ።

ይህን ለውጥ አንዳንዶች ለገዢ ማጎንበስ አድርገው ይተረጉሙታል። እኛ ግን በከፊል የድካም ውጤት ነው እንላለን። ትርጉም ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሚመጥን ተርጓሚ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ በዚያ ቋንቋ የተማረውን ሰው ለሥራ የሚቀበል መንግሥት ይጠይቃል። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ትርፍ የላቸውም። በኡርዱ ፊዚክስ የተማረ ወጣት ዲፕሎማውን ይዞ የት ይሄድ ነበር? ሰይድ አሕመድ ያዩት ይህን ነው። የመረጡት መንገድ ለጥቂቶች ሥራ አስገኘ፤ ሆኖም ዕውቀት ለሕዝቡ በሕዝቡ ቋንቋ የሚደርስበትን ድልድይ አስተዋቸው። ከዚያ በኋላ የመድረሳው ሰውና የኮሌጁ ሰው አንዱ የሌላውን መጽሐፍ የማያነብ ሆነ። በእኛ እምነት ለሙስሊሙ ከማንኛውም ፈትዋ የከበደው ጉዳት ይህ ነው። በ1894 የተነሣው የነድወቱል ዑለማእ ንቅናቄ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሯል። ሺብሊ ኑዕማኒ (1857–1914) በላክኖው ዳሩል ዑሉም እንግሊዝኛ እንዲሰጥ አድርገዋል፤ ብዙ ተቃውሞም ገጥሟቸዋል።

የተተወው ሥራ ተመልሶ የተነሣው በሌላ ስፍራ፣ በሐይደራባድ ነው። የሐይደራባድ ኒዛም ሚር ዑሥማን ዐሊ ኻን በ1917 ባወጡት አዋጅ፣ በ1918 የዑሥማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ሥነ ሰብእ፣ ሕግ፣ ሳይንስ፣ በኋላም ሕክምናና ምሕንድስና በኡርዱ ይሰጥበት ጀመር። ዩኒቨርሲቲው በሩን ከመክፈቱ በፊት የትርጉም ቢሮ ተቋቁሞ ነበር፤ ይህን ቅደም ተከተል ማስተዋል ያስፈልጋል። ቢሮውን መውለዊ ዐብዱል ሐቅ መሩት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትም ወጡለት። ለሳይንስ ስያሜዎች ኮሚቴ ተቀምጦ በየቃሉ ይከራከር ነበር። ከፊሉ ከዐረብኛ ሥር እናውጣ ይላል፤ ከፊሉ የእንግሊዝኛውን ስም እንዳለ እንያዝ ይላል፤ እንደ ወሒዱዲን ሰሊም ያሉት ደግሞ ኡርዱ ራሱ ባለው የቃል አመሠራረት ጠባይ እንሂድ ይላሉ። ሰሊም ስለ ስያሜ አመሠራረት ራሱን የቻለ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። የአማርኛ ሃይማኖታዊ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ይህን ክርክር በደንብ ይረዳዋል፤ «ኢጅቲሃድ»ን ይተርጉመው ወይስ እንዳለ ይተወው የሚለው ችግር በየገጹ ያጋጥመዋልና።

እንግሊዝኛ በዑሥማኒያ አልተባረረም። እያንዳንዱ ተማሪ ሊማረው የሚገደደው ትምህርት ነበር፤ ቋንቋውን ይማረዋል እንጂ ኬሚስትሪውን በእርሱ አይማርም። ቀደም ብለን ስማቸውን የጠቀስነው የዴኦባንዱ ምሩቅ መናዚር አሕሰን ጊላኒ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የዲን ትምህርት አስተምረዋል። ከተማሪዎቹም አንዱ ሙሐመድ ሐሚዱላህ (1908–2002) ነበሩ። እኒህ ሊቅ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በኡርዱ ተምረው በቦንና በፓሪስ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በኡርዱ፣ በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ጻፉ፤ ቁርኣንንም ወደ ፈረንሳይኛ ተረጎሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነጃሺ የላኩትን ደብዳቤ ጨምሮ የዚያን ዘመን ሰነዶች የሰበሰበው ሥራቸው በእኛ አገር የሲራ ተመራማሪዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ሰው በሌሎች ቋንቋዎች ይደክማል ለሚሉ ሰዎች የሐሚዱላህ ሕይወት በቂ መልስ ይመስለናል።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ኒዛም ድጋፍ፣ በእንግሊዝኛም ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። እንግሊዛዊው ሙስሊም መርማዱክ ፒክታል በ1925 ሐይደራባድ ገብተው በትምህርት ቤት ኃላፊነት አገልግለዋል፤ ከ1927 ጀምሮም «ኢስላሚክ ካልቸር» የተባለውን የእንግሊዝኛ መጽሔት አዘጋጅተዋል። ኒዛሙ ከነደመወዛቸው የሁለት ዓመት ፈቃድ ሰጥተዋቸው የቁርኣንን ትርጉም ጨረሱ፤ ሥራውን ከአዝሃር ዑለማዎች ጋር ለመመካከርም ካይሮ ድረስ ሄደዋል። ትርጉሙ በ1930 ታተመ። ኡርዱ ዕውቀትን ወደ ውስጥ ለማስገባት፣ እንግሊዝኛ የሙስሊሙን ቃል ወደ ውጭ ለማውጣት አገለገሉ። ሁለቱ ቋንቋዎች የተጣሉበት ምልክት የለም፤ እያንዳንዱ የሚሠራው ተለይቶ ታውቆ ነበርና።

የሐይደራባድን ነገር ካመሰገንን ነቀፌታውንም መሸሸግ አይገባንም። የግዛቱ ሕዝብ አብዛኛው ቴሉጉ፣ ማራቲና ካናዳ ተናጋሪ ነበር። ኡርዱ በቤቱ የሚናገር ከአሥር ሰው አንድ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ «በአገሬው ቋንቋ» የተባለው ዩኒቨርሲቲ ለብዙኃኑ የሌላ ሰው ቋንቋ ነበር። የቴሉጉ ገበሬ ልጅ በኡርዱ ምሕንድስና ቢማር ከእንግሊዝኛው ያተረፈው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ፍትሕ ነው። በመስከረም 1948 የሕንድ ጦር ሐይደራባድን ሲይዝና የኒዛሙ አገዛዝ ሲወድቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ኡርዱን ትቶ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ለውጡ ፖለቲካዊ ነበር፤ የኡርዱ ተናጋሪው ሙስሊምም ክፉኛ ተጎድቶበታል። የሚሟገትለት ሰፊ ሕዝብ ያጣው ግን አስቀድሞ የሰፊው ሕዝብ ስላልነበረ ነው። ሁለት ወገኖች በአገሬው ቋንቋዎች ምርጫ ሲጣሉ ወንበሩ ለእንግሊዝኛ ይቀራል።

ፓኪስታን ይኸንኑ በትልቁ ደገመችው። በመጋቢት 1948 ሙሐመድ ዐሊ ጂናህ በዳካ ተገኝተው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን አስታወቁ፤ ያን ንግግር ያደረጉት በእንግሊዝኛ ነበር። በዚያን ጊዜ ከፓኪስታን ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚናገረው ቤንጋሊ ነው። የካቲት 21 ቀን 1952 በዳካ ለቤንጋሊ መብት የተሰለፉ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ወደቁ። በ1956 ሕገ መንግሥት ቤንጋሊም እኩል ቢታወቅም ቁስሉ አልሻረም፤ በ1971 አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። በቀረችው ፓኪስታን የ1973 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 251 ኡርዱ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። አሥራ አምስቱ ዓመት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። በመስከረም 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንቀጹ ሳይዘገይ እንዲፈጸም አዘዘ። የላይኛው ፍርድ ቤትና የላይኛው ቢሮ ሥራ ግን አሁንም በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ይካሄዳል። በአዋጅ የተሰየመ ብሔራዊ ቋንቋ፣ የሕግ መጽሐፉ፣ የሕክምና ቃሉና የፈተና ወረቀቱ በዚያ ቋንቋ ካልተዘጋጀለት፣ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ዴኦባንድስ? በዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ ለምሩቃኑ የሁለት ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ከፍቷል። የፈትዋ ክፍሉ በኡርዱም በእንግሊዝኛም ለሚመጡለት ጥያቄዎች ይመልሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ የመድረሳ ምሩቃንን እንግሊዝኛ የሚያሠለጥኑ ተቋማት ተነሥተዋል፤ ኡርዱና ዐረብኛ አስቀድሞ ጠንቅቆ ያወቀ ዓሊም ተጨማሪ ቋንቋ ሲያገኝ ከዜሮ እንደሚጀምር ሕፃን እንደማይደናበር የእነርሱ ተመራቂዎች አሳይተዋል። ቃሲም ናኖታዊ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ቅደም ተከተል፣ አስቀድሞ መሠረቱ ከዚያም ሌላው፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በራሱ ቤት ተፈጸመ ማለት ይቻላል። በመካከል ያለፈው ጊዜ ረጅም መሆኑን ግን የዴኦባንድ ወዳጆችም አይክዱም።

በሐይደራባድም በ1998 በሕንድ ፓርላማ አዋጅ የመውላና አዛድ ብሔራዊ የኡርዱ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ዑሥማኒያ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ ይህኛው በዚያው ከተማ በኡርዱ ያስተምራል። በውስጡም የትርጉምና የኅትመት ክፍል አለ፤ ዐብዱል ሐቅ ጀምረውት የነበረውን ሥራ ይዞ ለተማሪዎቹ በኡርዱ የመማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጃል።